ባክዋርድ ኮምፓቲቢሊቲ ምንድን ነው? ፕሮፋይለር ላይስ ለምን ይከብዳል?

ፕሮግራማችሁ ይንቀራፈፋል እንበል። ችግሩ የት እንደሆነ በግምት ከመፈለግ ፕሮፋይለር ታስነሳላችሁ። ብዙ ፕሮፋይለሮች ፕሮግራሙ እየሠራ በየአጭር ጊዜው ብቅ ይሉና «አሁን የትኛው ፈንክሽን (የፕሮግራሙ ክፍል) ውስጥ ነው ያለው?» ብለው ይመዘግባሉ። መዝገቡ ሲደመር ጊዜው የት እንደሄደ ይታያል።

ባክዋርድ ኮምፓቲቢሊቲ ማለት ደግሞ አዲሱ ቨርዥን ለአሮጌው የተሠራውን ሳይሰብር መቀበሉ ነው። ትናንት የቀዳችሁት ፋይል ዛሬም ይከፈታል። ትናንት የጻፋችሁት ስክሪፕት ዛሬም ይሠራል።

ለማንኛውም ሶፍትዌር ጥሩ ነገር ነው። ፕሮፋይለር ላይ ግን የሥራው እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ። ልኬት ትርጉም የሚኖረው ሲነጻጸር ነዋ! ባለፈው ወር 200 ሚሊሰከንድ ይፈጅ የነበረው ዛሬ 350 ሲፈጅ ነው የምንደነግጠው። የባለፈው ወር ልኬት የተቀመጠበት ፋይል አልከፈት ካለ ምኑን ከምን እናነጻጽራለን? እኔ ደርሶብኛል። አንድ መሣሪያ አፕዴት አድርጌ ስመለስ የድሮ ፋይሎቼን አንድም አላነብም አለኝ። አዲሱ ግራፍ በጣም ያምራል፤ ከጎኑ የማስቀምጠው ግን የለኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

መሣሪያውን የሚሠሩትም ግን እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይችሉም። አዲስ ፕሮሰሰር በመጣ ቁጥር አዲስ የሚለካ ነገር ይመጣል። ታዲያ ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ?

ሊኑክስ ላይ ያለውን ፐርፍ የተባለ ፕሮፋይለር እንይ። በ2009 ከከርነል (ከሊኑክስ ዋና እምብርት) 2.6.31 ጋር ወጣ። ፕሮግራም ልኬት ሲፈልግ ለከርነሉ አንድ ቅጽ ሞልቶ ይሰጣል፦ ምን ይለካ፣ በየስንት ጊዜው ይመዝገብ። ቅጹ ሲጀመር 64 ባይት ነበር። ከዚያ 72፣ 80፣ 96 እያለ አድጎ ዛሬ ከ120 አልፏል። ያም ሆኖ በ64ቱ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም ጥያቄው ተቀባይነት አለው።

ይህን ያደረገችው ከቅጹ መጀመሪያ አካባቢ ያለች ባለ 4 ባይት ቦታ ናት። «የእኔ ቅጽ ርዝመት ይህን ያህል ነው» ትላለች። ፕሮግራሙ አሮጌ፣ ከርነሉ አዲስ ከሆነ፣ ከርነሉ የጎደለውን በዜሮ ይሞላዋል። ዜሮ ማለት «ይህን አልጠየቅኩም» ነው። ተገላቢጦሽ ሲሆን ደግሞ ከርነሉ የማያውቀውን ትርፍ ክፍል ያያል። ባዶ ከሆነ ያልፈዋል። የተሞላ ነገር ካገኘ ግን ጥያቄውን አይቀበልም፤ ስህተት ይመልስና እሱ የሚያውቀውን ርዝመት ይነግረዋል። እኔ በጣም የምወደው ይህችን ነው። ሳይገባው እንደገባው ሆኖ ቁጥር አይሰጥም። የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ሦስት ቀን የለፋ ሰው ዋጋዋን ያውቃል።

ፓይተን ሌላ መንገድ ይዟል፦ አዲሱን ከአሮጌው ጎን መትከል። በ2023 የወጣው 3.12 ለፕሮፋይለሮችና ለዲበገሮች (ስህተት ማደኛ መሣሪያዎች) ቀለል ያለ አዲስ መከታተያ ይዞ መጣ። አሮጌውም መሥራቱን ቀጠለ። ይህ ሰላም ይሰጣል፤ ነገር ግን ሁለት ቤት ማስተዳደር ነው፣ ድካሙም የሚያርፈው በጥቂት ሰዎች ጫንቃ ላይ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ መቁረጥ ያስፈልጋል። ጃቫ በ2017 በቨርዥን 9 ኤችፕሮፍ የሚባለውን የድሮ ፕሮፋይለር አስወጣ። ሲጀመርም የተጻፈው ለማሳያ ነበር፤ የተሻሉም መጥተው ነበር። እኔ ትክክል ነበሩ እላለሁ፣ ምክንያቱም የጣሉትን ለይተው ነው የጣሉት። መሣሪያው ሄደ፣ የፋይሉ ፎርማት ግን ቀረ። የጃቫ ሂፕ ዳምፕ (ፕሮግራሙ ሜሞሪ ውስጥ የያዘው ሲገለበጥ) ዛሬም የሚጻፈው በዚያው ፎርማት ነው።