«አያቴ ባሕር ኃይል ነበሩ»፦ የንግድ መርከበኛን ታሪክ ስንፈልግ የሚያሳስቱን ግምቶች

በብሪታንያ የንግድ መርከቦች ላይ የሠራ አያት ወይም አጎት ያለው ሰው ፍለጋውን ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚታየው ወታደር ነው፤ ማዕረጉ የተመዘገበ፣ ፋይሉ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተሰድሮ የሚጠብቅ ወታደር። ፈላጊውን ተስፋ የሚያስቆርጠው የሰነድ ማነስ ሳይሆን ይህ ግምት ይመስለኛል። የንግድ መርከበኛ በየጉዞው ውል እየፈረመ የሚሳፈር፣ ጉዞው ሲያበቃም የሚሰናበት ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ ታሪኩ ተበትኖ የቀረው በተሳፈረባቸው መርከቦች ወረቀት ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«መርቸንት ኔቪ (በቀጥታ ሲተረጎም «የንግድ ባሕር ኃይል») ከተባለ ባሕር ኃይል ነው ማለት ነው።» አይደለም። ስያሜው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዘመን፣ የንግድ መርከበኞቹ ለከፈሉት መሥዋዕትነት የተሰጠ ክብር ነው። መርከቦቹ የኩባንያዎች ነበሩ፤ ጭነታቸው እህል፣ ከሰል፣ ነዳጅ፣ ሻይ ነበር። የባሕር ኃይልን መዝገብ ማገላበጥ አብዛኛውን ጊዜ ድካም ብቻ ነው።

«እያንዳንዱ መርከበኛ የግል ፋይል አለው።» ይህ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። መንግሥት መርከበኞችን በስም መመዝገብ የጀመረው በ1835 ነበር፤ በ1857 ግን አቆመ፤ እስከ 1913 ድረስም አልቀጠለም። በእነዚህ 56 ዓመታት በመርከብ ላይ ያገለገለ ተራ ባሕረኛ ስሙ በአንድ ማዕከላዊ መዝገብ ላይ የለም። ካፒቴን ወይም መኮንን ከነበረ ግን ዕድል አለ፤ ወደ ውጭ አገር በሚጓዙ መርከቦች ላይ ለእነዚህ ሰዎች የብቃት ምስክር ወረቀት ከ1850 ጀምሮ ግዴታ ነበርና። ምዝገባው በ1913 ቢመለስም እስከ 1918 የነበሩት ካርዶች አልተረፉም። ከ1918 እስከ 1921 ያሉት ግን ሀብት ናቸው፦ ትንሽ ካርድ፣ የትውልድ ቦታ፣ ቁመትና የዓይን ቀለም፣ የመርከበኛው ቁጥር፣ ከጀርባውም የተለጠፈ ፎቶግራፍ። የአያቱን የወጣትነት ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ካርድ ላይ የሚያይ ሰው አለ። በ1941 ደግሞ ሌላ ምዝገባ ተጀምሮ እስከ 1972 ዘልቋል፤ ሰውየው የተሳፈረባቸውን መርከቦች ከነቀናቸው በተርታ ይዘረዝራል። ይህ የሚገኘው ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው።

«ሌላውም ሰነድ ሁሉ ለንደን ነው።» እውነቱ የሚያስገርም ነው። እያንዳንዱ መርከብ ለጉዞው የቀጠራቸውን ሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታና የቀድሞ መርከብ የሚይዝ የሠራተኞች ዝርዝር ነበረው። ወረቀቱ ሲከማች ቤተ መዛግብቱ ከየዓመቱ 10 በመቶውን ብቻ አስቀረ፤ በግሪኒች ያለው የባሕር ሙዚየም በ5 የሚያበቁትን ዓመታት ወሰደ። ከ1863 እስከ 1938 እና ከ1951 እስከ 1976 ካለው ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ አትላንቲክን ተሻግሮ ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ፣ ሴንት ጆንስ በሚገኘው ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ። በለንደን «የለም» ተብሎ ፍለጋውን የተወ ሰው ካለ፣ እባክዎ ይህን ይንገሩት።

«የመርከቧን ስም ካወቅሁ ይበቃኛል።» አይበቃም። አንድ ስም በተለያየ ዘመን፣ አንዳንዴም በአንድ ዘመን፣ ብዙ መርከቦች ይጋሩታል። አንዲት መርከብም ስሟን ትለውጣለች፦ በ1948 ከካሪቢያን መንገደኞችን ወደ እንግሊዝ ያመጣችው «ኢምፓየር ዊንድረሽ» በሃምቡርግ ስትሠራ «ሞንቴ ሮዛ» የምትባል የጀርመን መርከብ ነበረች፤ በጦርነቱ ማብቂያ ተማርካ ነው ስሟ የተለወጠው። የማይለወጠው ከ1855 ጀምሮ ለብሪታንያ መርከቦች የተሰጠው ኦፊሴላዊ ቁጥር ነው። በመርከቧ ዋና አግዳሚ ተሸካሚ ላይ ተቀርጾ፣ ባለቤቷና ስሟ ቢቀያየሩም በብሪታንያ መዝገብ ላይ እስካለች አብሯት ይኖራል። የሠራተኞቹ ዝርዝር የሚፈለገውም በዚሁ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ሳይጽፉ የመርከብ ስም ብቻ በማስታወሻ መያዝ በኋላ ብዙ ያስከፍላል።

«ሎይድስ የመርከበኞች መዝገብ ነው።» ሎይድስ ሬጅስተር የሚዘረዝረው መርከቦችን ነው፤ ዓመተ ሥሪታቸውን፣ መጠናቸውን፣ ባለቤታቸውን። የተራ ባሕረኛ ስም እዚያ አይገኝም።

«የመርከቧ የጉዞ መዝገብ የደረሰበትን ሁሉ ይነግረኛል።» ኦፊሴላዊው መዝገብ የሕግ ሰነድ ነው፦ ቅጣት፣ ሕመም፣ ሞት፣ ልደት፣ ጠብ። ነፋሱንና ማዕበሉን የሚይዘው ሌላው መዝገብ የኩባንያው ንብረት ስለነበር በአብዛኛው ተወግዷል። ስለዚህ የዘመድዎ ስም በኦፊሴላዊው መዝገብ ላይ ባይገኝ አይዘኑ፤ ጉዞውን በሰላም ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

«በስንብት ደብተሩ ሁሉ ቬሪ ጉድ (በጣም ጥሩ) ተብሎለታል፤ የተለየ መርከበኛ ነበር።» መርከበኛው ጉዞዎቹ የሚመዘገቡበትን ይህን የስንብት ደብተር በእጅዎ ይዘው ቢያዩት፣ በእያንዳንዱ መስመር የመርከቧ ስምና ቁጥር፣ የተሳፈረበትና የወረደበት ቀንና ወደብ፣ የሥራ መደቡ፣ በስተመጨረሻም ለችሎታና ለጠባይ የተመታ ሁለት ማኅተም አለ። «ቬሪ ጉድ» የተለመደው ማኅተም ነበር። ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባው ይህ ማኅተም የሌለበት መስመር ነው፤ ካፒቴኑ «አስተያየት አልሰጥም» ካለ፣ ለሰውየው ቀጣይ ሥራ ማግኘት ከባድ ነበር።

«ሜዳሊያ ስለሌለው በጦርነቱ አልነበረም።» ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የንግድ መርከበኛ ሜዳሊያውን ራሱ ማመልከት ነበረበት፤ ያላመለከተው ብዙ ነው። ይልቅስ የስንብት ቀኑን ይመልከቱ። መርከብ በቶርፒዶ ስትሰምጥ ውሉም አብሮ ያበቃ ስለነበር፣ የስንብት ቀን ሆኖ የተጻፈው ያች የሰመጠችበት ቀን ሊሆን ይችላል። ደመወዝም በዚሁ ቀን ይቆም ነበር፤ ይህ የተሻሻለው በግንቦት 1941 ነው።

በመጨረሻ፣ «ከሞተ መቃብሩ አለ» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። በለንደን ታወር ሂል ያለው መታሰቢያ በሁለቱ ጦርነቶች ሞተው መቃብራቸው ያልታወቀ ከ35,000 በላይ የንግድና የዓሣ ማስገሪያ መርከበኞችን ስም ይዟል። ስሞቹ የተቀረጹት በየመርከባቸው ስር ነው፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የመርከቧን ስም ነው፤ የዘመዱን ስም የሚያገኘውም ከሥሩ፣ አብረውት ከሰመጡት ሰዎች መካከል ነው።