ስኪን ኬር ምንድን ነው? ወዝ፣ ብርድና ፀሐይ በሰሜን ሸዋ ደጋ

በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ውርጭ በሚጥልበት ወቅት፣ ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ ከቤቱ የወጣ ሰው ፊቱ እንደ ከበሮ ቆዳ ሲወጠር ይሰማዋል። ከንፈሩ ይሰነጠቃል፤ የእጁ ጀርባ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ክፍት ጫማ የሚያዘወትር ከሆነም ተረከዙ ንቃቃት ያወጣል። የአገራችን ሰው ይህን ሁሉ «ወዙ ጠፋ» በሚል አጭር አነጋገር ይገልጸዋል። ወዝ ቆዳን የሚያለሰልሰውና ፊትን የሚያበራው የገላ ቅባት ነው። ስኪን ኬር የሚባለውም ነገር፣ ዕቃው በሚያብረቀርቅ ካርቶን ታሽጎ ቢመጣም፣ በመሠረቱ ይህንኑ ወዝ የመጠበቅ ሥራ ነው፤ ከዚህ ከተነሣን ለየትኛው ገንዘብ መክፈል እንደሚገባና ለየትኛው እንደማይገባ መለየት ይቀላል።

በቃሉ ትርጉም እንጀምር። ስኪን ኬር ማለት ቆዳን በየዕለቱ፣ በታወቀ ቅደም ተከተል ማጠብ፣ ማለስለስና ከፀሐይ መከለል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በደቡብ ኮሪያ ስም በዓለም የተሰራጨው ሥርዓት ግን እስከ 10 ደረጃ ይደርሳል፤ በዘይት መታጠብ፣ በአረፋ መልሶ መታጠብ፣ ቆዳን መፈግፈግ፣ ቶነር፣ ኤሰንስና ሴረም የሚባሉት ፈሳሾች፣ የፊት ማስክ፣ የዐይን ዙሪያ ክሬም፣ ማለስለሻ ክሬምና የፀሐይ መከላከያ ተራ በተራ ይገቡበታል። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችን ይህን ዝርዝር በስልካቸው እያዩ ከቤት ከሚላክላቸው ገንዘብ እየቆጠቡ ሲገዙ እመለከታለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። ከ10ሩ ደረጃዎች ሦስቱ፣ ማለትም ለስላሳ መታጠቢያ፣ ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ፣ ለአብዛኛው ሰው የጥቅሙን ትልቁን ድርሻ ይሰጣሉ ብዬ አምናለሁ። አንድ አራተኛ ነገር ለተለየ ችግር ሊጨመር ይችላል። ከዚያ በላይ የሚደራረበው ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም ይጎዳል።

ምክንያቱን ለመረዳት ቆዳ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የቆዳችን የመጨረሻው ላይኛ ሽፋን እጅግ ስስ ነው፤ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እስከ ሁለት መቶኛ ቢሆን ነው። የመንዝን የድንጋይ ቤት ያየ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። በድንጋዩ ምትክ ጠፍጣፋ የሆኑ የሞቱ ሕዋሳት ተደርድረዋል፤ በመካከላቸውም ድንጋዩን እንደሚያያይዘው ጭቃ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ሌሎች የቅባት ዓይነቶች አሉ። ግድግዳው ደህና ሲሆን በውስጥ ያለው ውሃ አይወጣም፣ በውጭ ያለው ተህዋስም አይገባም። ጭቃው ታጥቦ ከሄደ ግን ድንጋዩ በቦታው ቢኖርም ቤቱን ነፋስ ይገባዋል። ይህ ግድግዳ ራሱን በራሱ ያድሳል፤ ከሥር የተወለደው ሕዋስ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ አንድ ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ማንኛውም ቅባት በሦስት ቀን ቆዳን ይለውጣል ሲባል መጠራጠር ተገቢ ነው፤ አንድን ነገር በትክክል ለመመዘን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅ ያሻል።

በደጋ ይህን ግድግዳ የሚያፈርሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ደረቅ ብርድ፣ ነፋስና የእኛው አስተጣጠብ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መለወጥ አንችልም። ሦስተኛውን ግን እንችላለን። የቆዳ የላይኛው ገጽ በተፈጥሮው ጥቂት ኮምጣጣነት አለው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነትን በሚያሳየው የፒኤች መለኪያ 5 አካባቢ ነው። የተለመደው የገላ ሳሙና ደግሞ ከ9 እስከ 10 ስለሚደርስ ቆሻሻውን ሲያነሣ የግድግዳውንም ቅባት አብሮ ያነሣል። ብርድ ነው ብለን ውሃውን አሙቀን በምንታጠብበት ጊዜ ጉዳቱ ይጨምራል፤ ሙቅ ውሃ ድስት ላይ የረጋን ቅባት እንደሚያስለቅቅ ሁሉ የፊትንም ወዝ ያስለቅቃልና። ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ ጠዋት ፊትን በውሃ ብቻ ማለፍ፣ ሳሙናውን ለማታና ላብ ለሚበዛባቸው የሰውነት ክፍሎች መተው አንድም ሳንቲም አያስወጣም። ቶነር የሚባለውም ፈሳሽ መጀመሪያ ተፈላጊ የሆነው ጠንካራ ሳሙና ያዛባውን የቆዳ ጠባይ ለመመለስ ነበር፤ ሳሙናው ሲለዝብ የቶነሩም ሥራ ያበቃል።

ማለስለሻን በተመለከተ ከፋርማሲ መደርደሪያ ላይ በጣም ርካሾቹ ከሁሉ የተሻለ ሲሠሩ ይገኛሉ። ማለስለሻዎች በሦስት መንገድ ይሠራሉ። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ግሊሰሪን፣ ውሃ ይስባሉ። ሌሎቹ በሕዋሳቱ መካከል ገብተው የጎደለውን ጭቃ ይሞላሉ፤ ከበግ ጠጉር እጥበት የሚወጣው ላኖሊን የሚባለው ቅባት ከእነዚህ የሚቆጠር ሲሆን፣ በግ ሲሸልት የዋለ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ልስላሴ ከእሱ የመጣ ነው። የመጨረሻዎቹ ከላይ ከድነው ውሃው እንዳይተን ያግዳሉ፤ በዚህ ረገድ አሜሪካዊው ኬሚስት ሮበርት ቼዝብሮ እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት መብት ያወጣበትን ቫዝሊን የሚስተካከል እስካሁን ጥቂት ነው። ውድ የሆነው ክሬም እነዚህን ሦስቱን በአንድ ዕቃ አዋሕዶ፣ ሽታና ስም ጨምሮ ይሸጣል። ይህ ማለት ውዱ ክሬም አይሠራም ማለት አይደለም፤ ቀለል ያለና ፊት ላይ የማይከብድ በመሆኑ የሚመርጠው ሰው አለ፤ ሥራው ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላንሣ። በደጋ ብዙ ሰው ግሊሰሪንን ሳይበጠብጥ በደረቅ ፊት ላይ ይቀባል። ግሊሰሪን ውሃ ሳቢ ነው፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ከውጭ የሚስበው ሲያጣ ከቆዳው ከራሱ ይስባል፣ ፊትም ተቀብቶ ሳለ ይደርቃል። በውሃ አቅጥኖ፣ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ጨርሶ ሳይደርቅ መቀባትና ከላዩ ስስ ቫዝሊን መደረብ ችግሩን ይፈታዋል። ቅቤም ቢሆን ከላይ የሚከድን ነውና በገጠር ለእጅና ለእግር ሲያገለግል ኖሯል፤ ራስ ላይ የተደረገ ቅቤ ቀልጦ ግንባር ላይ ሲወርድ ግን ቀዳዳዎችን ደፍኖ ብጉር ያወጣል። ግንባራቸው ብቻ ብጉር የሚያወጣ ልጆች በመጀመሪያ መመልከት ያለባቸው የፀጉራቸውን ቅባት ነው።

ሦስተኛው ነገር የፀሐይ መከላከያ ነው፤ የደጋ ሰው አጥብቆ የሚሳሳተውም በእሱ ላይ ይመስለኛል። ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ፀሐይ እንደምትጎዳ ሙቀቱ ይነግረዋል። ደብረ ብርሃን ያለው ግን ብርድ ስለሚያንገላታው ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፤ ፀሐይዋንም ወዳጅ ብቻ አድርጎ ያያታል። ቆዳን የሚያጠቁረውና የሚያስረጀው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ሲሆን፣ ይህ ጨረር ሙቀት የለውም፣ በዐይንም አይታይም። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሸዋ ሮቢት በ1,300 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ከደብረ ሲና አቀበቱን ወጥቶ ጣርማ በርን ያለፈ መንገደኛ፣ ካፖርት ለብሶ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን፣ በጠራ ቀን ከቆላው የበለጠ ጨረር ይቀበላል።

ጥቁር ቆዳ ሜላኒን በሚባለው ቀለሙ ምክንያት የተሻለ ከለላ አለው፤ ከፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰርም በእኛ ላይ በነጮቹ ላይ እንደሚታየው አይበዛም። ይሁን እንጂ ማድያት የሚያባብሰው፣ ብጉር ጥሎት የሄደውን ጥቁር ምልክት ወራት ሙሉ የሚያቆየው ይኸው ጨረር ነው። በተለይ በእርግዝና ጊዜ ማድያት የወጣባት ሴት ለማጥፊያ ክሬም ከምታወጣው ይልቅ ለመከላከያው ብታወጣ ትጠቀማለች፤ ፀሐዩ ካልተከለለ ማጥፊያው የጠራረገው በሳምንታት ይመለሳልና። ከአልቢኒዝም ጋር፣ ማለትም ይህ ቀለም በቆዳቸው ሳይኖር ወይም እጅግ አንሶ፣ ለተወለዱ ወገኖቻችን ደግሞ ነገሩ የውበት ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው፤ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለእነሱ እንደ መድኃኒት በነፃ መድረስ ይገባው ነበር።

በክሬሙ ላይ የሚጻፈው፣ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ኤስፒኤፍ የተባለ ቁጥር የሚገዙትን ሁሉ ያደናግራል። በትክክል ከተቀቡት 15 የተጻፈበት ከሚያቃጥለው ጨረር 93 በመቶውን፣ 30 የተጻፈበት 97 በመቶውን፣ 50 የተጻፈበት 98 በመቶውን ይገታል። ስለዚህ ከ30 በላይ ላለው ቁጥር ብዙ ገንዘብ መጨመር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በበቂ መጠን መቀባት ነው። ለፊትና ለአንገት የሁለት ጣት ርዝመት ያህል መጭመቅ፣ ውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ መድገም ይገባል። በዚህ መጠን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢቀቡት እንኳ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ዕቃ ከስድስት ሳምንት ብዙም አያልፍም። ይህን ወጪ የማይችል ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ለእሱ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፣ ጃንጥላና በወጉ የተከናነቡት ነጠላ ዓመታት የሚያገለግሉ መከላከያዎች ናቸው፤ ክሬም የሚቀባውም ቢሆን ከእነዚህ ጋር ቢያደርገው ይሻለዋል።

ከሦስቱ በላይ ስለሚሸጠው በአጭሩ ልለፍ። የዐይን ዙሪያ ክሬም በአብዛኛው በትንሽ ዕቃ የተሸጠ ማለስለሻ ነው። ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ያለበት ክሬም የቆዳን ኮላጅን አይተካም፤ ሞለኪዩሉ በግድግዳው ለማለፍ እጅግ ትልቅ ነው። ቫይታሚን ሲ ያለበት ሴረም ሲሠራ ይሠራል፤ ነገር ግን አየርና ብርሃን ቶሎ ያበላሹታል፣ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ገንዘቡ ባክኗል። በእርግጥ ዋጋ ያላቸው ለተለየ ችግር የሚሰጡት ናቸው፤ ለብጉር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ ለብጉርና ለመሸብሸብ ደግሞ ከቫይታሚን ኤ የሚገኘው ትሬቲኖይን። ሁለተኛው በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም፤ ሲጀምሩትም ቆዳን ስለሚልጥ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ እየቀቡ ማለማመድ ያስፈልጋል። እነዚህንና መፈግፈጊያ አሲዶችን አንድ ላይ የሚደራርብ ሰው ከላይ የተናገርነውን ጭቃ በገዛ እጁ ያጥባል፤ ከዚያ ፊቱ ሲቃጠልና ሲቀላ የትኛው እንደጎዳው ማወቅ አይችልም። ሎሚን ፊት ላይ መቀባትም ከዚሁ ይመደባል፤ እጅግ ኮምጣጣ ከመሆኑ በላይ ፀሐይ ሲነካው ቆዳን የሚያቃጥልና የሚያጠቁር ነገር በውስጡ አለበት።

ፊት ያቀላል ተብሎ ስለሚሸጠው ክሬም ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። የተጻፈበት ዝርዝር የማይታወቅ፣ በዕቃ ተከፋፍሎ የሚሸጥ ማቅያ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ይይዛል፤ ሜርኩሪ፣ የቆዳን ቀለም የሚቀንሰው ሃይድሮኪኖን ከመጠን ያለፈ ወይም የቆዳን መቆጣት የሚያበርደው መድኃኒት፣ ጠንካራ ስቴሮይድ። ሜርኩሪ ከቆዳ አልፎ ኩላሊትን ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት በሚሊዮን ከአንድ ክፍል በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የመዋቢያ ምርቶች እስከ 2020 እንዲቀሩ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። ሃይድሮኪኖን ለዓመታት ሲቀቡት ለማጥፋት የተገዛበትን ጥቁረት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አድርጎ ይተክላል። ስቴሮይዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ስለሚያጠራ እጅግ ያታልላል፤ ቆይቶ ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያሳያል፣ ሲያቆሙትም ሽፍታና ቃጠሎ ይዞ ይመለሳል። የዚህ ዓይነት ክሬም ለወራት የተቀባ ሰው አፍሮ ከመደበቅ ይልቅ ዕቃውን ይዞ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ አለበት፤ ክሬሙን ማቆሙም በሐኪም ምክር መሆን ይገባዋል።

ስለ ቆዳ ሲወራ ሁሉም ሰው ፊቱን ያስባል፤ በአገራችን ደጋ ግን ከፊት ይልቅ እንክብካቤ የሚሻው እግር ነው። በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ እግሩ አብጦ ዝሆኔ የሚይዘው፣ ከአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በተሰነጠቀ ቆዳ ገብቶ በውስጥ ያለውን የሊምፍ፣ ማለትም ከሕዋሳት መካከል የሚመለሰውን ፈሳሽ፣ መተላለፊያ ስለሚጎዳ ነው፤ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እግርን በየዕለቱ በሳሙናና በተህዋስ ገዳይ ውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ መጠቅለያ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ በየጊዜው የሚነሣባቸውን ትኩሳትና ሕመም ቀንሷል። ደረጃው ቢቆጠር አራት ወይም አምስት ነው፤ ዕቃውም ሳሙና፣ ባልዲ፣ ቅባትና ጫማ ነው። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ተረከዛቸውን ለብ ባለ ውሃ አርሰው፣ በቫዝሊን አሽተው፣ ካልሲ አጥልቀው የሚያድሩ እናትና አባት ያሏችሁ ልጆች፣ ከሚቀጥለው ሴረም በፊት ለእነሱ አንድ ቫዝሊንና ሁለት ጥንድ ካልሲ ግዙላቸው።