ስለ ጥንት አማልክት የሚያዜሙ ዘፋኞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ግጥምና ዜማውን ራሱ እየደረሰ በክራር የሚያንጎራጉር አንድ ወጣት ወዳጅ አለኝ። የሰሜን አውሮፓን አማልክትና አፈ ታሪክ መነሻ ያደረጉ የባህል ዘፈኖችን አዘውትሮ ያደምጣል፤ የራሱንም ሥራዎች በዚያ መንፈስ ይሞክራል። ቅዳሜ ማታ በምንሰባሰብባት የጀበና ቡና ቤት ስለ እነዚህ ዘፈኖች የሚባለውን ስሰማ፣ አብዛኛው ከክፋት ሳይሆን ካለማወቅ የሚመነጭ ስለሆነ ላብራራው ወደድሁ።

እንዲህ ያሉ ዘፈኖችና ዘፋኞች ብዙ ጊዜ «ፔጋን» ይባላሉ፤ ሥር የሰደደው አመለካከትም «ፔጋን ማለት ሰይጣን አምላኪ ነው» የሚለው ነው። ቃሉ የመጣው ከላቲኑ «ፓጋኑስ» ሲሆን የገጠር ሰው ማለት ነበር፤ ክርስትና በሮም ግዛት ሲስፋፋ ግን አዲሱን እምነት ላልተቀበለ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ሰይጣን በአይሁድ፣ በክርስትናና በእስልምና አስተምህሮ የሚታወቅ እንጂ በኖርዲክ፣ ማለትም በሰሜን አውሮፓ፣ አማልክት መካከል ስፍራ ያለው አይደለም። ዛሬም እነዚህን አማልክት የሚያከብሩ ሰዎች አሉ፤ በአይስላንድ ያለው ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1973 በሃይማኖት ተቋምነት ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቷል። በእምነታቸው አለመስማማት መብታችን ነው፤ ያልሆኑትን ናቸው ማለት ግን ሐሰት ነው።

«ስለ አማልክት የዘፈነ ሁሉ ያመልካቸዋል» የሚሉም አሉ። ከዘፋኞቹ መካከል አማኞች መኖራቸው እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ግን አፈ ታሪኩን ሰም፣ የራሳቸውን ሐዘን ወይም ናፍቆት ወርቅ አድርገው ይጽፋሉ። በአገራችን የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርኩ የሸራ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ሕዝቡ ለዘንዶው ለአርዌ ሲገብር በሚታይበት ምስል ነው፤ ሠዓሊውን ግን ዘንዶ ታመልካለህ የሚለው የለም። ወዳጄም ስለ አርዌ ግጥም አለው፤ ግብር የሚጠይቀው ዘንዶ ሰሙ ሲሆን ወርቁ የቤተሰቡ የብድር ዕዳ ነው።

«ዘፈኖቹ ከጥንት ሳይለወጡ የወረዱ ናቸው» የሚለው የአድናቂዎች ስሕተት ነው። ከክርስትና በፊት የነበረው የሰሜን አውሮፓ ዜማ በምልክት ተጽፎ አልቆየንም፤ የአማልክቱ ታሪኮች ራሳቸው በአብዛኛው የተጻፉት በ13ኛው መቶ ዘመን አይስላንድ፣ በክርስቲያኖች እጅ ነው። የቆዩልን መሣሪያዎች ናቸው። በጀርመን ትሮሲንገን ከአንድ የ6ኛው መቶ ዘመን መቃብር የወጣው ክራር መሰል መሣሪያ ለስድስት አውታር የተሠራ ነው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ የወዳጄን እጆች በተለየ ዓይን አያለሁ፦ ግራ እጁ ከአውታሮቹ ኋላ ሆኖ የማይፈለጉትን በጣቶቹ ጫፍ ያፍናል፣ ቀኝ እጁ ሁሉንም በአንድነት ይገርፋል፣ የሚሰሙት ያልታፈኑት ብቻ ናቸው። ያንን የአውሮፓ መሣሪያ ዛሬ አስመስለው ሠርተው የሚጫወቱ ሰዎችም በዚሁ ስልት ይጠቀማሉ።

«እንዲህ ያለ ዘፋኝ ሥራውን ብቻውን የሚያሳትመው አሳታሚ ስላጣ ነው» ለሚሉ መልሱ አጭር ነው። ከኬልቶች፣ ከጥንት የአውሮፓ ሕዝቦች፣ ባህል የምትቀዳው ካናዳዊቷ ሎሪና መኬኒት እ.ኤ.አ. በ1985 የራሷን ድርጅት አቋቁማ ሥራዎቿን በሚሊዮን ቅጂ ሸጣለች። በእኛም አገር በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ይህን መብት በእጁ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ወጪውን ራሱ ቢሸከም አያስገርምም።

በእኛ አካባቢ በጣም የሚያሳስበኝ ግን «ዋቄፈናም ያው ፔጋን ነው» የሚለው ነው። ዋቄፈና በአንድ ፈጣሪ፣ በዋቃ፣ የሚያምን የኦሮሞ ጥንታዊ እምነት ነው። የአውሮፓው የአማልክት እምነት ከመጻሕፍትና ከመቃብር ቅርስ ተለቅሞ እንደ አዲስ የተገነባ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረና ባለቤቶቹ ዛሬም በሕይወት ያሉ እምነት ነው፤ ስለዚህ ዘፋኝ እንዳሻው የሚቀዳው የአፈ ታሪክ ጎተራ አይደለም። ወዳጄ ከእሬቻ የምስጋና ቃላት ሁለት ስንኝ ለመጠቀም ባሰበ ጊዜ፣ የእምነቱ ተከታይ ወደሆኑ አንድ አዛውንት ሄዶ ጠየቃቸው። አንደኛውን ፈቀዱለት፤ ሁለተኛውን ግን «ይህ የሚባለው ውኃ ዳር ቆሞ ነው፣ ልጄ» ብለው ከለከሉት፤ እርሱም ከደብተሩ ሰርዞታል።