ሳይከስም የቀረ የጽንስ ደም ሥር

«የጽንስ ደም ሥር አለመክሰም» የሚለው የሐኪም ቃል ወላጅን ያስደነግጣል። ሕፃን በማህፀን ሳለ ከዓይኑ ጀርባ ተነስታ እስከ ሌንሱ የምትዘልቅ ቀጭን የደም ሥር በማደግ ላይ ያለውን ዓይን ትመግባለች። ከመወለዱ በፊት ከስማ መጥፋት አለባት፤ አልፎ አልፎ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይን ብቻ፣ ሳትጠፋ ትቀራለች። እናት በእርግዝናዋ ያጠፋችው ነገር የለም፤ ይህን ደግሜ እላለሁ።

በብልጭታ በተነሳ ፎቶግራፍ የአንዱ ዓይን ብሌን ቀይ ሲሆን የሌላው ነጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ነጭ ብሌን የዓይን ካንሰር ምልክትም ስለሆነ ሕፃኑ ሳይውል ሳያድር በዓይን ሐኪም ይታይ። ቀዶ ሕክምና ከተደረገም በኋላ ደካማው ዓይን ማየት እንዲለምድ ጤነኛውን በየቀኑ ለሰዓታት መሸፈን ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል።