ኬሞና ጨረር የሚወስድ ሰው ቆዳ፦ በደጋው የሚባለውና እውነታው

ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ ያለ ሰው የቆዳ አያያዝን የተማረው ከብርድ ነው። ፊት ሲሰነጠቅ ቅቤ፣ እግር ሲደነዝዝ የሞቀ ውሃ፣ ማታ እሳት ዳር፣ ከላይ ባና። ለጤነኛ ሰው ይህ ሁሉ ሲያገለግል ኖሯል። ለካንሰር ሕክምና ኬሞ (በመርፌ ወይም በክኒን የሚሰጥ መድኃኒት) ወይም ጨረር የጀመረ ሰው ቆዳ ግን ሌላ ነው፤ ለብርድ የተበጀው ዘዴ አብዛኛው አይስማማውም። ከሰኞ እስከ አርብ አዲስ አበባ ጨረር ሲወስድ ሰንብቶ፣ ለቅዳሜና እሁድ 130 ኪሎ ሜትሩን ተጉዞ ደብረ ብርሃን የገባ ታማሚ ላይ ጠያቂው ሁሉ ምክር ያወርድበታል። ምክሩ ከፍቅር ነው፤ ፍቅር ግን ቁስል አያደርቅም።

«ጨረር ያረፈበትን ውሃ አታስነኪው»

ከሁሉ የበረታው ይህ ነው። ታማሚዋ ደረቷንና ብብቷን ሳትታጠብ ትከርማለች፤ ላብና እድፍ ከጡት ስር ይጠራቀማል፤ ቆዳው ይቆጣል። ከዚያ «ጨረሩ አቃጠላት» ይባላል። እውነቱ፣ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ የገላ ሳሙና በየቀኑ መታጠብ ይቻላል፣ ይመከራልም። የልብስ ሳሙና አይሆንም። የሚታጠበው በመዳፍ ነው፤ ሲደርቅም በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ እንጂ መፈግፈግ የለም። የብብት ጸጉር በምላጭ አይነካ። ባለሙያዎቹ ቆዳ ላይ ያሰመሩት ምልክት ቢደበዝዝ ደግሞ ቤት ውስጥ በእስክሪብቶ መልሶ ማድመቅ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ጨረሩ የሚነጣጠረው በእሱ ነውና። ደብዝዟል ብሎ መንገር ይበቃል።

ውሃ ከተነሳ ጸበልም አይቀርም። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ መጠመቅ የሚሻ ታማሚ ብዙ ነው፤ እምነቱን የሚነቅፍ ነገር አልጽፍም። የምለው ስለ ጊዜው ነው። ጨረር ቀኑን ጠብቆ በተከታታይ የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ ሳምንት ዘልሎ ጸበል መሰንበት የሕክምናውን ጉልበት ይቀንሰዋል። የተላጠ ቆዳ ይዞ ሰው በተጨናነቀበት መጠመቅም ቁስሉን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ሕክምናው አልቆ ቆዳው እስኪገጥም መቆየት ይሻላል፤ የነፍስ አባትም ቢጠየቁ ይህ የሚጠፋቸው አይመስለኝም።

«ለጋ ቅቤ ያለሰልሰዋል»

እናት ልጇን፣ አክስት የእህቷን ልጅ አስቀምጣ ቅቤ ስታሻት እምቢ ማለት ከባድ ነው። ቤት ውስጥ ተንጦ የወጣ ቅቤ ግን ካልፈላ ወተት የተገኘ ነው፤ ጀርም ሊኖረው ይችላል። ባልተጎዳ ቆዳ ላይ ችግሩ ያን ያህል አይደለም፤ በተሰነጠቀና በተላጠ ቆዳ ላይ ግን ጀርሙን በር ከፍቶ ማስገባት ነው። ማሸቱ ራሱም የሳሳውን ቆዳ ይገሸልጠዋል።

የሚቀባው ሽታና ቀለም የሌለው ማለስለሻ ነው፤ ስስ ተደርጎ፣ በቀን ሁለቴ ያህል። ጨረር ሊወስዱ ሲሉ ቫዝሊንም ቢሆን ወፍራም አድርጎ መለደፍ አይገባም፤ የትኛውን ቅባት መቼ እንደሚቀቡ ከጨረር ክፍሉ ይጠየቃል። እሬት ብዙ ይወራለታል፤ የጨረር ቁስልን ይከላከላል የሚለው ግን በጥናት አልጸናም። የተሻለ ማስረጃ ያለው ሞሜታሶንን የመሰለ የስቴሮይድ ቅባት ነው፤ እሱም ሐኪም ሲያዝ። ለፊት ማቅያ ከየሱቁ የሚገዙት ቅባቶች ውስጥ ስቴሮይድ አለ ተብሎ እነሱን መቀባት ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆኑ አይታወቅም።

«አልቀላም፣ ስለዚህ አልተጎዳም»

የጨረር ጉዳት ምልክት ተብሎ በየጽሑፉ የሚነገረው መቅላት ነው። ያ የተጻፈው ነጭ ቆዳ ታይቶ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መጀመሪያ የሚታየው መጥቆር ነው፤ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላም አለ። ከቀለሙ ይልቅ የሚታመነው ስሜቱ ነው፦ ማቃጠል፣ ማሳከክ፣ መወጠር፣ ሲነኩት መሞቅ።

ብዙውን ጊዜ ይህ የሚጀምረው ጨረሩ በተጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። የሚብሰው ደግሞ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሳምንታት፣ ማለትም ታማሚው ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ከገባ በኋላ። ጎረቤት «ተርፎ መጥቶ እዚህ ባሰበት» የሚለው ያን ጊዜ ነው። የሕክምናው ባሕርይ እንጂ በሽታው አገርሽቶ አይደለም። አብዛኛው በአንድ ወር ገደማ ይድናል፤ ጥቁረቱ ወራት ይቆያል። ቆዳው ተልጦ የሚያዥ ከሆነ፣ መግል ወይም ሽታ ካመጣ ግን ይድናል ብሎ መጠበቅ የለም፤ ያኔውኑ መታየት አለበት።

«እሳት ዳር ተጠጊ፣ ደምሽ ይሙቅ»

እዚህ ላይ ነው ደጋው የሚከብደው። መንዝ ውስጥ ማታ የፈላ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነው። ጨረር ያረፈበት ቦታ ላይ ይህ በጭራሽ አይደረግም፤ ቆዳው ሙቀት የሚችልበት አቅም የለውም። ፓክሊታክስልን የመሰሉ የኬሞ መድኃኒቶች ደግሞ የእግርና የእጅ ጣት ያደነዝዛሉ። ታማሚው ሃይላንዱ እግሩን እያቃጠለው ላይሰማው ይችላል፤ ጠዋት ውሃ ቋጥሮ ያገኘዋል።

ካፔሲታቢን የሚባለውን ክኒን የሚወስዱ ሰዎች መዳፋቸውና ውስጥ እግራቸው ያቃጥላል፣ ያብጣል፣ ይላጣል። መድኃኒቱ ራሱ የሚያመጣው ነው። ምጣድ ላይ እንጀራ መጋገር፣ በሙቅ ውሃ ልብስ ማጠብ፣ ወገል ወይም መጥረቢያ መያዝ፣ ረጅም መንገድ በኮንጎ ጫማ መሄድ ያብሰዋል፤ ሙቀትና ፍትጊያ ናቸውና። ጋገራውን ለጥቂት ወራት ሌላ ሰው ይያዘው። ሰፋ ያለ ጫማ ከጥጥ ካልሲ ጋር፣ ማታ ዩሪያ ያለበት የቆዳ ቅባት (ማዳበሪያው አይደለም)፣ ሲያቃጥል በቀዝቃዛ ውሃ ማራስ ይረዳል። ባናና በርኖስም ቢሆን ሱፍ ናቸው፤ ቆዳ ይከረክራሉ። መተው አያስፈልግም፣ ከውስጥ የጥጥ ልብስ ወይም ነጠላ ይግባ።

«በዚህ ብርድ ምን ፀሐይ አለ?»

ብርድና ፀሐይ አይጣሉም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥቁር ቆዳ የተወሰነ መከላከያ ቢኖረውም ፍሎሮዩራሲልንና ሜቶትሬክሴትን የመሰሉ መድኃኒቶች ፀሐይ እንዳይችል ያደርጉታል። አንድ እጥፍ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋል። ጃንጥላ፣ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ ይሻላል።

«ምች ነው፣ ዳማከሴ እሸው»

ኬሞ ላይ ያለ ሰው ከንፈሩ ወይም ጎኑ ላይ ሽፍታ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠራው ምች ነው። ዳማከሴ ተጨምቆ ይታሻል፣ ይታጠናል። ሽፍታው ግን በአንድ በኩል ብቻ እንደ መቀነት የተዘረጋ፣ ውሃ የቋጠረና ሲነኩት የሚያስጮህ ከሆነ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል። ሰውነት ሲደክም ተደብቆ የኖረ ቫይረስ ነው የሚነሳው፤ አሲክሎቪር የተባለው የቫይረሱ መድኃኒት በደንብ የሚሠራውም ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በእሽት የሚያልፈው ሦስት ቀን ይህ ነው።

ዋግምትም ከዚሁ ይቆጠራል። «መጥፎ ደም ይውጣ» ተብሎ ቆዳ በምላጭ ሲበጣ፣ ነጭ የደም ሴል ባነሰበት ወቅት ትንሿ ብጥ ነፍስ እስከ መንጠቅ ልትደርስ ትችላለች። ኬሞ በተወሰደ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን አካባቢ ሴሉ በጣም የሚያንስበት ነው። ጡት ተቆርጦ የብብት ዕጢ በወጣበት በኩል ያለ ክንድ ደግሞ መቼም አይበጣ፤ እብጠት ያመጣል።

«ጨረር የገባበት ሰው ልጅ አያቅፍም»

ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ ያበቃል። በሰውየው ውስጥ የሚቀር፣ በመተቃቀፍ የሚተላለፍ ነገር የለም። ልዩ የሚሆነው ለእንቅርት ካንሰር የሚዋጠው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ነው፤ እሱን የወሰደ ሰው ለቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር እንዲርቅ ሐኪሙ ራሱ ይነግረዋል።

«ሐኪሙን በቆዳ አላስቸግረው»

አንድ ዘመዴ ብትሆን ይህን ስትል በሰማሁ እቆጣት ነበር። የቆዳው ሁኔታ ለሐኪሙ የመድኃኒት መለኪያ ነው፤ መዳፍ ሲላጥ የካፔሲታቢኑን መጠን ሊቀንስ ወይም ለጥቂት ቀን ሊያሳርፍ ይችላል። ያልተነገረው ሐኪም በዚያው መጠን ይቀጥላል። ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ያለው ሆስፒታል ተሂዶ፣ ገና ከበሩ «ኬሞ ላይ ነኝ፣ የመጨረሻውን የወሰድኩት በዚህ ቀን ነው» ይባላል።