የ«ደንስ» ዝንብ ምንድን ነው?

«ደንስ» አንድ ጂኑ በሚውቴሽን (በጂን ለውጥ) በመበላሸቱ ሽታን ከቅጣት ጋር አያይዞ መማር የተሳነው የፍራፍሬ ዝንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ይፋ የሆነው ከሳይንቲስቱ ሲሞር ቤንዘር የካሊፎርኒያ ቤተ ሙከራ ነው።

ጂኑ የሚያስገኘው ኢንዛይም ሥራው ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን የሴል መልእክተኛ መሰባበር ነው። «ሩታባጋ» በተባለው ሌላ ዝንብ የተበላሸው ደግሞ ያንኑ መልእክተኛ የሚሠራው ኢንዛይም ነው። በአንዱ መልእክተኛው ይበዛል፣ በሌላው ያንሳል፤ ሁለቱም ግን አይማሩም።

ምክንያቱ ያለው «የእንጉዳይ አካላት» በሚባሉት የአንጎል ክፍሎች ነው፤ በግራም በቀኝም 2,000 ያህል ሴሎች አሏቸው። ሽታ ሲመጣ ጥቂቶቹ ብቻ ይነቁና ካልሲየም ይገባባቸዋል፤ ቅጣቱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ ደግሞ ዶፓሚን የተባለውን የነርቭ ኬሚካል ያስለቅቃል። ሁለቱ በአንድ ሴል ላይ ሲገጣጠሙ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ያሻቅብና የዚያ ሴል ግንኙነት ይለወጣል። በደንስ ግን መጠኑ ድሮውንም ከፍ ያለ ነው፤ ሲደወል ለሚውል ደወል ማን ጆሮ ይሰጣል?

ፈተናው እንዲህ ነው። 100 ያህል ዝንቦች አንድ ሽታ ለ60 ሰከንድ እያሸተቱ 12 ጊዜ ይነዘራሉ፤ ከዚያ ንጹህ አየር፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ሽታ ያለ ንዝረት። በመጨረሻ በሁለቱ ሽታዎች መካከል 2 ደቂቃ ይመርጣሉ። 95ቱ ካልተቀጡበት ሽታ፣ 5ቱ ከተቀጡበት ቢገኙ ውጤቱ 90 ነው፤ እኩል ቢከፈሉ ዜሮ። ዝንብ አንዱን ሽታ በተፈጥሮው ሊጠላ ስለሚችል፣ ሌላ ቡድን ሽታዎቹ ተገላብጠው ይሠለጥንና አማካዩ ይወሰዳል። ሥራው በደብዛዛ ቀይ ብርሃን ነው፤ ቀይ እምብዛም ስለማይታያቸው ወደ ብርሃን አይሸሹም። አየሩ ከደረቀ ደግሞ ይዳከማሉና ውጤቱ አይታመንም።

ደንስ ወዲያው ሲፈተን ጥቂት መማሩ ይታያል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግን አብዛኛው ይጠፋል። ዝቅተኛ ውጤት ብቻውን «አይማርም» አያሰኝም። ሽታው ወይም ንዝረቱ የማይሰማው ዝንብም ያንኑ ውጤት ያመጣልና፣ ሁለቱን ያለ ሥልጠና እንደሚሸሽ ለየብቻ መረጋገጥ አለበት። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥፋቱ የጂኑ መሆኑ የታወቀው ጤነኛ ቅጂ ሲመለስለት ትምህርቱ በመሻሻሉ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ሥራ የአይጥ ጂን ሳይቀር ይህን አድርጓል። «የማስታወሻ ጂን» ማለት ግን ያሳስታል፤ ሚውቴሽኑ ሲከፋ ሴቶቹ መካን ይሆናሉ። ደግሞም የዚሁ ኢንዛይም ዘመድ በአይጦች በመድኃኒት በመጠኑ ሲታገድ ትውስታቸው የተሻሻለበት ሙከራ አለ።