እንደ በጎ ወታደር፦ የሮም ጭፍራ ኑሮና የቅዱስ ጳውሎስ ምክር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቅዱስ ጳውሎስ ለልጁ ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክቱ፣ «እንደ ኢየሱስ ክርስቶስ በጎ ወታደር ሆነህ አብረኸኝ መከራ ተቀበል» ይለዋል (2ኛ ጢሞ. 2፥3)። ይህን ቃል ስንሰማ ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚታየን ሰይፉን መዝዞ ወደ ጠላት የሚሮጥ ጀግና ነው። ሐዋርያው ግን በዚህ ስፍራ ሰይፍን አላነሣም፤ ያነሣው መከራን መቀበልን፣ በሌላ ጉዳይ አለመጠላለፍንና ለጦር ያስከተተውን ደስ ማሰኘትን ነው። ለምን እንዲህ እንዳለ የምንረዳው እርሱም ጢሞቴዎስም በየከተማው ያዩት የነበረው የሮም ወታደር እንዴት ውሎ እንዴት ያድር እንደነበር ስንመረምር ነው።

ሐዋርያው ወታደሮችን በዝና የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በኢየሩሳሌም ሕዝቡ ሊገድለው ሲደበድበው ከእጃቸው ነጥቆ ያወጣው የሻለቃው ጭፍራ ነው፤ በሌሊት ወደ ቂሣርያ ጉዞ ሲጀምር 200 ወታደሮች፣ 70 ፈረሰኞችና 200 ጦረኞች እንዲያጅቡት ታዝዘው ነበር (ሐዋ. 23፥23)። በቂሣርያ ሁለት ዓመት ታስሮ ተቀመጠ፤ ወደ ሮም በተወሰደም ጊዜ ዩልዮስ ከሚባለው የመቶ አለቃና ከጭፍሮቹ ጋር በአንድ መርከብ ማዕበሉን ተካፈለ፤ በሮምም ከሚጠብቀው ወታደር ጋር በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ኖረ። ጫማቸውን ሲጠግኑ፣ በደመወዛቸው ሲያጉረመርሙ፣ በጥበቃ ተራ ሲቀያየሩ አይቶአል ብሎ ማሰብ ድፍረት አይሆንም።

በዚያ ዘመን አንድ ሌጌዎን ወደ 5,000 የሚጠጉ ወታደሮች ሲኖሩት፣ የመቶ አለቃ የሚባለው ሹም በተግባር የሚያዝዘው 80 ያህል ሰዎችን ነበር። ከዚያ በታች ወታደሮቹ ስምንት ስምንት ሆነው በአንድ ድንኳን ያድራሉ፤ የተሰፈረላቸውን ስንዴ በእጅ ወፍጮ ራሳቸው ፈጭተው አብረው ይበላሉ፤ ድንኳናቸውንና ወፍጮአቸውን በአንድ በቅሎ ይጭናሉ። ለልምምድ ወደ 20 ኪሎ የሚመዝን ሸክም ተሸክመው በበጋ በአምስት ሰዓት ውስጥ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይጓዙ ነበር። በጠላት አገር ሲዘምቱ ደግሞ የቀኑ ጉዞ ሲያልቅ ዕረፍት አይጀምርም፤ አንድ ሌሊት ብቻ ለሚያድሩበት ሰፈር እንኳ ዙሪያውን ቦይ ይቆፍራሉ፣ አፈሩን ይክባሉ፣ ተሸክመው ያመጡትን እንጨት በላዩ ይተክላሉ፤ ማለዳ መለከት ሲነፋ ያንኑ ነቅለው ይሄዳሉ። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ይህን ሥርዓት በዓይኑ አይቶ ጽፎአል፤ እንቅልፋቸውና ምግባቸው ሳይቀር በመለከት ድምፅ ይመራ እንደነበርም ይነግረናል።

ከግብፅ የተገኘ፣ በ1ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ (ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተጻፈ አንድ የፓፒረስ መዝገብ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስተምረኛል። መዝገቡ የ36 ወታደሮችን የአሥር ቀን ተራ የሚያሳይ ሲሆን፣ አንዱ በር ይጠብቃል፣ ሌላው በመታጠቢያ ቤት ይሠራል፣ ሌላው መንገድ ይቃኛል፣ ሌላውም የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ እንዲጠርግ ተመድቦአል። በእነዚያ አሥር ቀናት ውስጥ ጦርነት የለም። እነዚህ ሰዎች ግን በዚያ ሁሉ ቀን ወታደሮች ነበሩ፤ መጥረጊያ የያዘው በር ከሚጠብቀው ያነሰ ወታደር አልነበረም።

ስለ መንፈሳዊ ውጊያ በመካከላችን ብዙ ይሰበካል፤ ጉባኤው ይደምቃል፣ እልልታው ይቀልጣል፤ መስበኩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጦርነቱን ብቻ ወስደን ተረኝነቱን የተውነው ይመስለኛል። የታመመ ዘመድ ለማስታመም ሲያነጋ ያደረ ሰው፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ቀርቶ ምንጣፍ የሚያነሣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፣ ስሙ የማይጠራ የአጥቢያ ዕቃ ቤት ጠባቂ በዚያ መዝገብ ላይ ስማቸው የሚገኝ ወታደሮች ናቸው። ሐዋርያው ራሱ ስለ ዕቃ ጦር ሲያስተምር የሚደጋግመው ትእዛዝ «ቁሙ» የሚል ነው፤ «ሁሉንም ፈጽማችሁ ለመቆም እንድትችሉ» ይላልና (ኤፌ. 6፥13)። የሮም ወታደር ጫማ ሶል በብረት ምስማር የተመታ ነበር፤ ሐዋርያውም እግሮቻቸው በሰላም ወንጌል ዝግጅት ተጫምተው የሚቆሙ ክርስቲያኖችን ሲገልጽ ጸንቶ መቆምን እንጂ መሮጥን አላስቀደመም።

ስለ ደመወዝም እንመልከት። ከአውግስጦስ ዘመን እስከ 83 ዓ.ም. ገደማ ድረስ የአንድ ተራ የሌጌዎን ወታደር ደመወዝ በዓመት 225 ዲናር ነበር። በወይኑ አትክልት ምሳሌ የተቀጠሩት ሠራተኞች በቀን አንድ ዲናር ተስማምተው ነበር (ማቴ. 20፥2)፤ የወታደሩ ደመወዝ ለዓመቱ ቀናት ሲከፋፈል ግን ለቀን ከአንድ ዲናር ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ያም ቢሆን ሙሉውን አይወስደውም። በይሁዳ ምድር በማሳዳ ምሽግ በ70ዎቹ ዓመታት የተጻፈ የአንድ ወታደር የሒሳብ ወረቀት ተገኝቶአል። ጋዮስ መሲዮስ የተባለው ይህ ሰው በአንድ ክፍያ 50 ዲናር ይደርሰዋል፤ ለገብስ 16፣ ለምግብ 20፣ ለጫማ 5፣ ለጠፍር 2፣ ለበፍታ ቀሚስ 7 ዲናር ተቆረጠበት። የተቆረጠው ሲደመር ልክ 50 ነው፤ ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ በብድርና በቁርጥ እንደሚያልቅበት የዘመናችን ሠራተኛ ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው።

አውግስጦስ ቄሣር በ14 ዓ.ም. ሲሞት በዳኑብ ወንዝ አጠገብ ባለችው በፓኖንያ አውራጃና በራይን ወንዝ የነበሩት ሌጌዎኖች ያመፁት በዚህ ሁሉ ምሬት ነበር። ሥጋችንና ነፍሳችን በቀን በ10 አስ ተተመነ ይሉ ነበር፤ አስ ትንሽ የሮም ሳንቲም ሲሆን አንድ ዲናር 16 አስ ነበር። በሕጉ ከተወሰነው ዓመት አልፈው 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለገሉ ሽማግሌዎች፣ ሊያረጋጋቸው የመጣውን የጦር አዛዥ ጌርማኒኮስን እጁን የሚስሙ መስለው ጣቶቹን ወደ አፋቸው አስገብተው ጥርስ የሌለውን ድዳቸውን አስነኩት። በፓኖንያም አንድ የመቶ አለቃ ተገደለ፤ የወይን በትሩን በወታደር ጀርባ ላይ ሰብሮ «ሌላ አምጡ» ማለትን ልማድ ስላደረገ ጭፍሮቹ «ሌላ አምጡ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር።

እንዲህ ያለ ኑሮ የሚኖር መሣሪያ የያዘ ሰው የጎደለውን ከማን እንደሚሞላ ግልጽ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ጭፍሮች ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁት፣ «በማንም ግፍ አትሥሩ፥ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፥ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ» አላቸው (ሉቃ. 3፥14)። እነዚያ ጭፍሮች የሄሮድስም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፈተናው ግን አንድ ነው። ቅዱሱ ደመወዛቸው በቂ እንደሆነ አልመሰከረላቸውም፤ ማነሱ በድሃው ላይ እጅ ለማንሣት ምክንያት እንዳይሆን ከለከላቸው እንጂ። ጉቦ የሚቀበል ክርስቲያን ሁልጊዜ የሚያቀርበው ሰበብ የደመወዙ ማነስ ነውና፣ ይህ ቃል በቢሮ ጠረጴዛ ኋላ ለምንቀመጥም የተነገረ ነው።

ጌታችንን የሰቀሉት አራት ጭፍሮች ልብሱን ለአራት መካፈላቸውን፣ ያለ ስፌት ወጥ ሆኖ በተሠራው እጀ ጠባብም ዕጣ መጣጣላቸውን (ዮሐ. 19፥23-24) ከዚህ ጋር አያይዘን እናንብበው። ትንቢቱ ይፈጸም ዘንድ ግድ ነበር፤ የፈጸሙት እጆች ግን ለአንድ ቀሚስ ደመወዛቸው የሚቆረጥባቸው ሰዎች እጆች ነበሩ። ዓለሙን የሚቤዠው ደም በላያቸው ሲፈስስ እነርሱ ከዕለት ጉድለታቸው ቀና ማለት አልቻሉም። በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ሰዓት ቆሞ የነበረው የመቶ አለቃ ግን ቀና ብሎ አየና «ይህ ሰው በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ ነበረ» አለ (ማር. 15፥39)።

የመቶ አለቆች ሁሉ እንደዚያ በትረኛ አልነበሩም። በቅፍርናሆም የነበረው ሹም ለታመመ አገልጋዩ ሲለምን፣ «እኔ ደግሞ ለሌሎች ተገዥ ነኝና፥ ከእኔም በታች ጭፍራ አለኝ» ብሎ ጀመረ (ማቴ. 8፥9)። ሥልጣኑን ከመጥቀሱ በፊት ተገዥነቱን ጠቀሰ። የእርሱ ቃል የሚፈጸመው ከበላዩ ያለው ሥልጣን በእርሱ በኩል ስለሚያዝዝ እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ጌታ በሩቅ ሆኖ በቃሉ ብቻ ደዌን ሊያዝዝ እንደሚችል ማመን አልከበደውም። ጌታችን በእስራኤል ስንኳ እንዲህ ያለ እምነት አላገኘሁም ያለለት ይህ ሰው እምነቱን የተናገረው በዕለት ሥራው ቋንቋ ነበር።

ሐዋርያው «ትዳር በሚገኝበት ንግድ ራሱን አያጠላልፍም» ያለውም ከኑሮአቸው የተወሰደ ነው። ወታደር በአገልግሎት ላይ ሳለ በሕግ ማግባት የተከለከለ ሲሆን፣ ክልከላው የላላው በ197 ዓ.ም. ገደማ በንጉሥ ሴፕቲሞስ ሴዌሮስ ነው። በተግባር ግን ብዙዎች በሰፈሩ አጠገብ ሴትና ልጆች ነበሯቸው። ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን ቅዱስ ብላ የምታከብር ስለሆነች ይህን ጥቅስ በትዳር ላይ የሚያዞር ሰው ተሳስቶአል፤ የተነቀፈው ልብን ከአዛዡ የሚነጥቅ መጠላለፍ ነው።

ሌሊቱንም ሮማውያን በአራት ክፍል ከፍለው ይጠብቁ ነበር። ጌታችን ባለቤቱ የሚመጣበትን ሰዓት አታውቁምና ትጉ ሲል ማታን፣ እኩለ ሌሊትን፣ ዶሮ ሲጮኽንና ማለዳን መጥቀሱ (ማር. 13፥35) ይህንኑ አከፋፈል የተከተለ ነው። በጥንቱ የሮም ሥርዓት በጥበቃ ላይ ተኝቶ የተገኘ ወታደር የሚደበደበው፣ ብዙውን ጊዜም እስኪሞት፣ በገዛ ጓደኞቹ እጅ ነበር፤ የእርሱ እንቅልፍ የእነርሱን ሕይወት ለጠላት አሳልፎ ይሰጥ ነበርና። የአንድ አባት የጸሎት መታከት ቤተሰቡን፣ የአንድ ካህን መዘናጋት አጥቢያውን የሚጎዳው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ አዛዣችን መሐሪ መሆኑ ነው፤ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ተኝተው ያገኛቸውን ደቀ መዛሙርት «ተነሡ፥ እንሂድ» አላቸው እንጂ አላባረራቸውም።

ቤተ ክርስቲያናችን መጋቢት 13 ቀን የምታስባቸው አርባ ሐራ ሰማይ፣ በ320 ዓ.ም. ገደማ በሰብስጥያ በንጉሥ ሊኪንዮስ ዘመን በሰማዕትነት ያለፉ የሮም ወታደሮች ናቸው። ክርስቶስን ካዱ ተብለው እምቢ ባሉ ጊዜ ራቁታቸውን በበረዶ ላይ እንዲያድሩ ተፈረደባቸው፤ በአጠገባቸውም ለሚክድ የሚሆን የሞቀ መታጠቢያ ተዘጋጀ። አንዱ ቅዝቃዜውን መታገሥ አቅቶት ወደ መታጠቢያው ሲሄድ፣ ከጠባቂዎቹ አንዱ ልብሱን ጥሎ «እኔም ክርስቲያን ነኝ» ብሎ በቦታው ገባና ቁጥራቸው አርባ ሆኖ ተፈጸመ። እነዚህ ሰዎች ያን ሌሊት ሰይፍ አላነሡም። ለዓመታት በወታደርነት የለመዱት በብርድ መቆም፣ አንድ ላይ መሆን፣ ተራን አለመልቀቅ ነበር፤ ያንኑ ለክርስቶስ አቀረቡት።

በመጨረሻ ስለ መሰናበቻቸው። እስከ 66 ዓ.ም. የአይሁድ ጦርነት ድረስ በይሁዳ የነበሩት ወታደሮች በአብዛኛው የሮም ዜግነት የሌላቸው ረዳት ጭፍሮች ነበሩ። ከንጉሥ ቀላውዴዎስ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ያለ ወታደር 25 ዓመት ካገለገለ በኋላ ለራሱና ለልጆቹ ዜግነት የሚሰጥ ሕጋዊ ማስረጃ በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ ይሰጠው ነበር። ብዙዎች ግን ያን ቀን ሳያዩ በመንገድ ላይ ቀሩ። የእኛ ሥርዓት በዚህ ፈጽሞ የተገለበጠ ነው። ወንዶች በ40፣ ሴቶች በ80 ቀናችን ተጠምቀን፣ ቦይ ሳንቆፍር፣ ሌሊት ሳንጠብቅ፣ ክርስትና አባትና እናቶቻችን ስለ እኛ ሰይጣንን ክደው በሥላሴ አምነውልን የሰማይ ዜግነት ተሰጠን፤ አገልግሎቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጾማችንና ስግደታችን ዜግነት የምንገዛበት የ25 ዓመት ዋጋ አይደለም፤ የተሰጠንን ዜግነት የምንኖርበት ሥርዓት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ «እኛ አገራችን በሰማይ ነውና» ብሎ የጻፈው (ፊልጵ. 3፥20) ከክርስቶስ ልደት በፊት በ42 ዓመት ከተደረገው ጦርነት በኋላ የተሰናበቱ የሮም ወታደሮች መሬት ተሰጥቶአቸው ለሰፈሩባት ለፊልጵስዩስ ከተማ ምእመናን ነው፤ የሮም ዜግነት ምን ያህል እንደሚከበር የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።